መጋዘኑን ስንከፍት፦ የጥንት የእንግሊዝ ጋዜጦች ምን ይመሰክራሉ?



ሰሞኑን በየግሩፑ አንድ ነገር በዝቷል። አንዱ ተነስቶ የቆየ የእንግሊዝ ጋዜጣ ፎቶ ይለጥፍና «ይኸው በ1700ዎቹ ተጽፏል፤ ከዚህ በላይ ምን ማስረጃ ትፈልጋላችሁ?» ይላል። ሌላው ደግሞ «የነጭ ወሬ ነው፣ ወዲያ ጣሉት» ብሎ ይመልሳል። ከዚያ ስድብ ይከተላል፤ ሃምሳ ኮሜንት ይደረደራል፤ ወረቀቱን ግን ያነበበው የለም። ማን እንደጻፈው፣ ለማን እንደጻፈው፣ በስንት እንደተሸጠ የጠየቀ አንድም ሰው አላየንም።

እኛ ሁለቱም ወገን ስንፍና ነው እንላለን። አሮጌ ወረቀት አሮጌ ስለሆነ ብቻ አይታመንም፤ የእንግሊዝ ስለሆነ ብቻም አይጣልም። ኪታብ ቤት የቀራ ደረሳ ደግሞ ይህን ለመረዳት ከሌላው የተሻለ ዕድል አለው፤ ምክንያቱም የመጀመሪያ ጥያቄያችን ሁልጊዜ «ማን ነገረህ? እርሱስ ከማን ሰማ?» ነው። ዛሬ ይህንኑ ጥያቄ ወደ ለንደን ይዘን እንሂድ። (ዓመተ ምሕረቶቹ በሙሉ በፈረንጆቹ አቆጣጠር ናቸው፤ ስለ አቆጣጠሩ ራሱ ኋላ የምንለው አለ።)

ከስሙ እንጀምር። እንግሊዞች መጽሔትን «ማጋዚን» ይሉታል። ቃሉ የእነርሱ አይደለም። ዐረብኛ የቀራችሁ ታውቁታላችሁ፦ «መኽዘን» ዕቃ የሚከማችበት ቤት ነው፤ ሲበዛ «መኻዚን» ይሆናል። በጣልያንና በፈረንሳይ ነጋዴዎች አፍ ዞሮ ለንደን ገባ። እኛ እህልና ሲሚንቶ የምናስቀምጥበት «መጋዘን»ም የዚሁ ቃል ወንድም ነው። በ1731 ኤድዋርድ ኬቭ የሚባል የለንደን አታሚ ወርኃዊ ጽሑፍ አወጣና «ጀንትልማንስ ማጋዚን» ብሎ ሰየመው፤ የጨዋ ሰው መጋዘን እንደማለት ነው። ቃሉ ለመጽሔት መጠሪያ ሆኖ የቀረው ከዚያ ወዲህ ነው።

ስሙ ደግሞ አልዋሸም። ኬቭ በየሳምንቱና በየቀኑ ከሚወጡ ጋዜጦች የሚፈልገውን እየቆረጠ፣ እያሳጠረ አንድ ላይ ያከማች ነበር። ግጥም አለ፣ የሃይማኖት ክርክር አለ፣ የእህል ዋጋ አለ፣ ማን እንዳገባ፣ ማን እንደሞተ፣ የትኛው ነጋዴ እንደከሰረ ተዘርዝሯል። በለንደን በወሩ ስንት ሰው እንደተቀበረ ሳይቀር አለበት። መጽሔቱ ከመቶ ሃምሳ ዓመት በላይ ኖሯል። የታሪክ ሰው እዚህ መጋዘን ሲገባ ዓይኑ ይበራል፤ የማይጠነቀቅ ከሆነ ግን ጤፉንም እንክርዳዱንም በአንድ ጆንያ ይዞ ይወጣል።

እንክርዳዱን ለማየት ከመጽሔቱ መቶ ዓመት ያህል ወደኋላ እንመለስ። የመጀመሪያዎቹ የእንግሊዝኛ የዜና ወረቀቶች የታተሙት በእንግሊዝ አይደለም፤ በ1620 በአምስተርዳም ነው። በሚቀጥለው ዓመት ለንደን ውስጥ መታተም ጀመሩ፤ ግን የሚያወሩት የውጭ አገር ወሬ ብቻ ነበር። ስለራሱ ንጉሥና ስለራሱ አገር ማተም አታሚውን ያሳስረዋል። ስለዚህ በ1620ዎቹ የወጡትን አንብቦ «እንግሊዝ ያኔ ሰላም ነበረች፣ ምንም ወሬ የለም» የሚል ሰው ቢኖር ዝምታን እንደ ምስክርነት ቆጥሯል ማለት ነው። የአገር ውስጥ ዜና በሳምንታዊ ወረቀት መውጣት የጀመረው በኅዳር 1641 አካባቢ፣ ንጉሡና ፓርላማው ሲጣሉና የሳንሱሩ ገመድ ሲላላ ነው። ከዚያ ጦርነት መጣ፤ ወረቀቱም እንደ እንጉዳይ ፈላ።

በዚህ ጊዜ ማርቻሞንት ኒድሃም የሚባል ጸሐፊ ተነሳ። በ1643 «መርኩሪየስ ብሪታኒከስ» ላይ ለፓርላማው ወግኖ ንጉሡን መዘለፍ ጀመረ። በ1647 ደግሞ «መርኩሪየስ ፕራግማቲከስ» ብሎ ለንጉሡ ወግኖ ፓርላማውን ዘለፈ። ንጉሡ አንገቱን ከተቀላ በኋላ፣ በ1650፣ «መርኩሪየስ ፖሊቲከስ» ብሎ ለአዲሱ መንግሥት ጻፈ። አንድ እጅ፣ አንድ ብዕር፣ ሦስት ወገን! ብዕሩም ስለታም ነበር፤ ችግሩም እዚያ ላይ ነው፤ ጥሩ ጸሐፊ ሲዋሽ ከደካማ ጸሐፊ ይልቅ ይታመናል።

የሐዲስ ዑለሞች እንዲህ ያለውን ራዊ ቢያገኙ ምን እንደሚሉት ለደረሳ መንገር አያስፈልግም። ጀርሕ ወተዕዲል የሚባለው ዕውቀት ሙሉውን የቆመው በዚህ ላይ ነው፦ ሰውየው እውነተኛ ነው ወይ? የማስታወስ ችሎታው ጥሩ ነው ወይ? ለወገኑ ያደላል ወይ? የታሪክ ሰው ግን አንድ እርምጃ ይጨምራል፣ ሁላችንም ልብ ልንለው ይገባል። ኒድሃምን አይጥለውም። «ትናንት በውጊያው ስንት ሰው ሞተ?» ብሎ አይጠይቀውም፤ «የፓርላማው ሰዎች ሕዝቡ ምን እንዲያምን ፈለጉ? ምንስ ፈሩ?» ብሎ ይጠይቀዋል። ለዚህ ጥያቄ ኒድሃም ከታማኙ ሰው የተሻለ ምስክር ነው። የአዳዩ ወሬ ስለ ወሬው ባይታመንም ስለ አዳዩ ይታመናል።

እነዚህ ወረቀቶች ብዙዎቹ ተነበው ይጣሉ፣ ዓሣና ቅቤ ይጠቀለልባቸው ነበር። ዛሬ በእጃችን የገቡት በአንድ መጽሐፍ ሻጭ ድካም ነው ማለት ይቻላል። ጆርጅ ቶማሰን ይባላል። ከ1640 እስከ 1661 ድረስ በለንደን የሚታተመውን ጥቃቅን ወረቀት ሁሉ፣ የሚስማማበትንም የማይስማማበትንም፣ እየገዛ አስቀመጠ፤ ከ22,000 በላይ ሆነ። ጦር ሲቀርብ ከቦታ ቦታ እያዛወረ ይሸሽገው ነበር። ከሁሉም በላይ ደግሞ በብዙዎቹ ላይ ያገኘበትን ቀን በእጁ ጻፈ። ለኛ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም፤ የቀድሞ ደረሶች በኪታቡ ጠርዝ ላይ ከሸኻቸው የሰሙበትን ቀን ይጽፉ እንደነበር እናውቃለን። ስብስቡ ዛሬ በብሪቲሽ ላይብረሪ ይገኛል። የቶማሰን ቀን ባይኖር ኖሮ የትኛው ወረቀት ለየትኛው እንደመለሰ መለየት ለብዙዎቹ አይቻልም ነበር።

ቀን ካልን ዘንድ፣ እዚህ ላይ የኢትዮጵያ አንባቢ ይስቃል። እኛ የሐበሻውን፣ የፈረንጁንና የሂጅራውን ሦስት ካላንደር ይዘን የምንኖር ሰዎች ነን። እንግሊዞችም እስከ 1752 ድረስ አዲስ ዓመታቸው በሕግ የሚገባው በማርች 25 ነበር። ስለዚህ በወረቀቱ ላይ «ጃንዋሪ 1642» ተብሎ የተጻፈው በዛሬው አቆጣጠር ጃንዋሪ 1643 ነው። በ1752 ደግሞ ካላንደራቸውን ሲያስተካክሉ ከሴፕቴምበር 2 በቀጥታ ወደ ሴፕቴምበር 14 ዘለሉ፤ አሥራ አንድ ቀን ጠፋ። ይህን ያላወቀ ሰው መልሱን ከጥያቄው በፊት አድርጎ ይጽፋል። ፎቶ የሚለጥፉ ወንድሞቻችን መጀመሪያ ይህን ያረጋግጡ።

አሁን ወደ መጋዘኑ እንመለስ፣ ምክንያቱም ትልቁ ጉዳይ እዚያ ነው።

በ1738 የእንግሊዝ ፓርላማ በውስጡ የሚደረገውን ክርክር ማንም እንዳያትም በጥብቅ ከለከለ። ኬቭ ግን አንባቢዎቹ ከምንም በላይ የሚፈልጉት ይህንን እንደሆነ ያውቃል። ምን አደረገ? ጆናታን ስዊፍት በ1726 ባሳተመው የጉሊቨር ታሪክ ውስጥ ድንክዬዎች የሚኖሩባት «ሊሊፑት» የምትባል ምናባዊ አገር አለች። ኬቭ «የሊሊፑት ምክር ቤት ክርክር» ብሎ ማተም ጀመረ። ጠቅላይ ሚኒስትሩ ዋልፖል «ዋለሎፕ» ሆነ። ሁሉም ያውቃል፣ ማንም ግን ሊከሰው አይችልም። በኛ አገር ቅኔውም ተረቱም ሲሠራ የኖረው እንዲሁ ነውና ብልሃቱ ይገባናል።

እስከዚህ ድረስ መልካም። ግን ንግግሮቹን ማን ጻፋቸው? ከ1741 ጀምሮ ለሦስት ዓመት ያህል በመጽሔቱ የወጡትን የጻፈው ሳሙኤል ጆንሰን ነው፤ ያኔ ድሃ፣ ስሙ ያልታወቀ፣ በኋላ ግን በመዝገበ ቃላቱ ዝነኛ የሆነው ሰው። ጆንሰን ፓርላማው አዳራሽ አይገባም ነበር። የኬቭ ሰዎች በር ጠባቂውን አባብለው ይገባሉ፤ ማን ተናገረ፣ በምን ጉዳይ፣ በምን ቅደም ተከተል የሚል ቁራጭ ማስታወሻ ያመጣሉ። አንዳንዴም የተናጋሪዎቹ ስም ብቻ ይመጣለታል። ከዚያ ጆንሰን በኪራይ ክፍሉ ቁጭ ብሎ ያንን ውብ ንግግር ከራሱ ያፈልቀዋል። ከብዙ ዓመት በኋላ ሰዎች ምሳ ላይ የዊልያም ፒትን አንድ ንግግር ከጥንቱ ግሪክ ተናጋሪ ጋር እያወዳደሩ ሲያደንቁ፣ ያንን ንግግር ሰገነት ላይ ሆኖ የጻፈው እርሱ እንደሆነ ነገራቸው። የሚጠላው ወገን በክርክሩ የበላይ እንዳይሆን ይጠነቀቅ እንደነበርም ተናግሯል። ሊሞት ሲቃረብ ደግሞ ሕዝቡ እንደ እውነት የወሰደው መሆኑ ጸጸተው።

ጸጸቱ ግን ወረቀቱን አልመለሰውም። የሎርድ ቼስተርፊልድ ሥራዎች ተሰብስበው ሲታተሙ ጆንሰን የፈጠራቸው ሁለት ንግግሮች እንደ ቼስተርፊልድ ንግግር ገቡ። በ1800ዎቹ መጀመሪያ ላይ የተዘጋጀው ትልቁ የፓርላማ ታሪክ ስብስብም ከእነዚህ ክርክሮች ወስዷል። ተማሪዎች በቃላቸው ያጠኗቸው ንግግሮች የተናጋሪዎቹ ያልሆኑ ቃላት ነበሩ። ይህ እንግዲህ ሰዎች አምነውት በክብር መደርደሪያ ላይ የተቀመጠ ነገር ነው እንጂ ከጎዳና የተለቀመ ወሬ አይደለም።

(ጆንሰን ከኛ አገር ጋርም ግንኙነት አለው። በ1735 የታተመው የመጀመሪያ መጽሐፉ የፖርቱጋላዊው ቄስ የሎቦ የሐበሻ ጉዞ ትርጉም ነው፤ በ1759 ደግሞ ስለ አንድ የሐበሻ ልዑል «ራሴላስ» የሚል ልብ ወለድ ጽፏል። ኢትዮጵያን አይቷት አያውቅም። አዳራሹንም አገሩንም ሳያይ መጻፍ የለመደ ብዕር ነበር።)

ታዲያ እነዚያን ክርክሮች እንቅደዳቸው? አይደለም። ዑለሞቻችን የቃሉን ፍሬ ሐሳብ በሌላ ቃል ማስተላለፍን፣ ሪዋየቱን ቢል መዕና የሚሉትን፣ በጥብቅ መስፈርት ያዩታል፤ የጆንሰን ሥራ ግን ብዙ ጊዜ ከዚያም ያልፋል። የታሪክ ሰው የሚያደርገው መለየት ነው። ክርክሩ በዚያ ጉዳይ መካሄዱን ከሌላ መዝገብ ጋር አመሳክሮ ይቀበላል። ማን ከማን ጋር እንደተሰለፈ በጥንቃቄ ይወስዳል። «እንዲህ ብሎ ተናገረ» የሚለውን ቃል ግን በትእምርተ ጥቅስ አያስገባውም። አንባቢው ሕዝብ ምን እንዳነበበና ምን እንዳመነ ከፈለገ ደግሞ ከዚህ የተሻለ ሰነድ የለውም።

ሌላው ወጣቶቻችን በብዛት የሚስቱበት ነገር የብዛት ጉዳይ ነው። «አሥር ጋዜጣ ጽፎታል፣ አሥሩም ይዋሻል?» ይባላል። በዚያ ዘመን የክፍለ ሀገር ጋዜጦች ዜናቸውን የሚያገኙት በሳምንት ሦስት ቀን ከለንደን በፖስታ ከሚመጡት ጋዜጦች ቆርጠው ነበር። የለንደኖቹም እርስ በርስ ይቀዳዱ ነበር፤ ቀጂው ሁልጊዜ ከማን እንደቀዳ አይናገርም። እንግዲህ አሥሩ ምስክር ሲመረመር አንድ ሰው ሆኖ ይገኛል። በሐዲስ ቋንቋ ሰነዱ ብዙ መስሎ መዳሩ አንድ ነው፤ ሙተዋቲር የመሰለን አሓድ ሆኖ ቀረ። ይህ የጥንት ነገር ብቻ እንዳይመስላችሁ፦ ዛሬም «ሁሉም ቻናል ለጥፎታል» የሚባለው ወሬ ወደ ምንጩ ሲከተሉት አንድ ስልክ ላይ ያልቃል።

ቁጥርም እንዲሁ ነው። በ1711 «ስፔክቴተር» የሚባለውን ዕለታዊ ጽሑፍ ሲያወጡ ከነበሩት አንዱ ጆሴፍ አዲሰን በቀን 3,000 ቅጂ እንደሚሰራጭ፣ እያንዳንዱን ቅጂም 20 ሰው እንደሚያነበው፣ ስለዚህ ለንደንና አካባቢዋ ውስጥ 60,000 አንባቢ እንዳለው ጻፈ። ቁጥሩ እስከ ዛሬ በየመጽሐፉ ይጠቀሳል። ያለው ግን የራሱ የባለ ጋዜጣው ቃል ነው። «ሃያ» የሚለው ግምት መሠረት ያገኘው በቡና ቤቶች ነው፤ የመጀመሪያው የለንደን ቡና ቤት የተከፈተው በ1652 ነበር፤ የየመን ቡና እየተጠጣ አንድ ወረቀት ከእጅ እጅ ይዞራል፣ ጮክ ተብሎም ይነበባል። በ1675 ንጉሥ ቻርልስ ሁለተኛ ቡና ቤቶቹ ወሬ ያበዛሉ ብሎ ሊዘጋቸው አወጀና ጩኸት ሲበዛበት በቀናት ውስጥ ትዕዛዙን መለሰ። ስለዚህ ብዙ ሰው በአንድ ቅጂ ማንበቡ እውነት ነው፤ ሃያ መሆኑን ግን ቆጥሮ ያረጋገጠ የለም።

እስካሁን ያልነው የሚያስጠነቅቅ ነው። አሁን ደግሞ እነዚህ ወረቀቶች ከሁሉም በላይ የሚታመኑበትን ቦታ እንንገራችሁ፦ መጨረሻው ገጽ፣ ማስታወቂያው። የታሪክ ተመራማሪ ርዕሰ አንቀጹን ትቶ ወደዚያ ሲሄድ የሚስቁ አሉ። አይሳቅ። ርዕሰ አንቀጽ የሚጻፈው ለማሳመን ነው። ማስታወቂያ የሚያወጣ ሰው ግን የጠፋበትን ለማግኘት ገንዘብ ከፍሏል፤ ቢዋሽ የሚጎዳው ራሱ ነው።

በእነዚህ ጋዜጦች፣ በመንግሥቱ «ለንደን ጋዜት» ሳይቀር፣ ከጌቶቻቸው ያመለጡ ባሪያዎችን የሚያፈላልጉ ማስታወቂያዎች ይወጡ ነበር። የግላስጎው ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በ18ኛው ክፍለ ዘመን ብሪታንያ ውስጥ ከወጡት ከ800 በላይ የሚሆኑትን ለቅመው ለሕዝብ ክፍት አድርገዋል። አብዛኞቹ አፍሪካውያን ናቸው፤ ከህንድ የመጡም አሉ። ዕድሜው ስንት እንደሆነ፣ ምን እንደለበሰ፣ ፊቱ ላይ ምን ጠባሳ እንዳለ፣ እንግሊዝኛ ምን ያህል እንደሚችል ተጽፏል። አንዳንዱ አንገቱ ላይ የጌታው ስም የተቀረጸበት የብረት ቀለበት አለ። በዚያው ጋዜጣ ፊት ገጽ ላይ ስለ እንግሊዝ ነፃነት ይሰበካል። ጌታው ይህን ያሳተመው ለኛ ለመመስከር አልነበረም፤ ሰውየውን አስይዞ ለመመለስ ነው። ግን ሳያውቅ በራሱ ላይ መሰከረ። በፊቅህ ሰው በራሱ ላይ የሚሰጠው ቃል፣ ኢቅራሩ፣ ምን ያህል ክብደት እንዳለው የቀራ ያውቃል። «በብሪታንያ ምድር ላይ ባርነት አልነበረም» ለሚል ሰው የሚሰጠው መልስ ከማንም ተሟጋች ጽሑፍ ይልቅ እዚህ ትንሽ ዓምድ ውስጥ አለ።

የቀረው ፍለጋው ነው። ዛሬ ሁሉም በስልኩ «ፈልጌ አጣሁ፣ ስለዚህ የለም» ይላል። ቄስ ቻርልስ በርኒ የሰበሰባቸው ጋዜጦች በ1818 ለብሪቲሽ ሙዚየም ተገዝተው፣ በእኛ ዘመን ደግሞ በኮምፒውተር እንዲፈለጉ ተደርገዋል። ነገር ግን በ2009 የወጣ ጥናት ማሽኑ በዚህ ስብስብ ውስጥ ቁልፍ ከሆኑት ቃላት በትክክል ያነበበው ከግማሽ በታች መሆኑን አሳይቷል። ቀለሙ ፈዟል፤ ወረቀቱ ከጀርባው ያሳልፋል፤ ደግሞም በዚያ ዘመን «ኤስ» የሚባለው ፊደላቸው በቃል መጀመሪያና መሀል ላይ ረዝሞ «ኤፍ»ን ይመስል ነበርና ማሽኑ ያምታታዋል። ማሽን አላገኘውም ማለት የለም ማለት አይደለም።

ቃሉንም ማወቅ ያስፈልጋል። በእነዚያ ወረቀቶች ውስጥ «ሙስሊም» ብሎ የሚፈልግ ሰው ብዙም አያገኝም። የሚሉን «ማሆሜታን»፣ «ሙር»፣ ቱርክ ያልሆነውንም ሁሉ «ተርክ» ነው። ኢትዮጵያም «አቢሲኒያ» ናት። ስሙ ደስ አይልም፤ ግን በራሳቸው ስም ካልጠራናቸው ወረቀቶቹ አይመልሱልንም።

የሰው ስምም እንዲሁ ነው። አዩባ ሱለይማን ዲያሎ በምዕራብ አፍሪካ ከቡንዱ የተነሳ ሐፊዝ ነበር። ራሱ ሁለት ባሪያዎችን ሊሸጥ ወደ ጋምቢያ ወንዝ ወርዶ ሳለ ተያዘና፣ እርሱም ተሽጦ በ1731 ሜሪላንድ ደረሰ። ለአባቱ በዐረብኛ የጻፈው ደብዳቤ እንግሊዞች እጅ ገብቶ ነፃ መውጫው ሆነ። በ1733 ለንደን መጣ፤ ቁርኣንን ከቃሉ ጻፈ፤ ሲሥሉት የአገሩን ልብስ ካልለበስኩ አለ፤ በ1734 ወደ አገሩ ተመለሰ። በ1750 ምስሉ በዚያው በኬቭ መጋዘን ውስጥ ታትሞ ወጣ። «አዩባ» ብሎ የሚፈልገው ግን አያገኘውም። እነርሱ ዘንድ ስሙ «ጆብ» ነው፤ የአባቱንም ስም «ሶሎሞን» አድርገውታል። በዐረብኛ ደብዳቤው ላይ ግን የፈረመው በገዛ ስሙ ነው።

ወሏሁ አዕለም።